ስለ ነፋስ ስልክና ስለ ልጆች ጠባቂ

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ያለው ሰፈር ነፋስ ስልክ መባሉን የማያውቅ የከተማ ሰው የለም፤ ስሙ ከወዴት እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። አባቶቻችን ሽቦ ሳይዘረጋለት፥ ምሰሶም ሳይተከልለት ቃልን በአየር ላይ የሚያደርሰውን መሣሪያ ባዩ ጊዜ፥ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከገባው ባለ ሽቦ ስልክ ለመለየት ሲሉ የነፋስ ስልክ ብለው ሰየሙት። ሥራው ከከተማው በስተ ደቡብ ስለ ተቋቋመም ሰፈሩ በመሣሪያው ስም ተጠርቶ ቀረ። ወደ አቃቂ በኩል የተሠራው የራዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. በጥር ወር ተመረቀ፤ በሚከተለውም ዓመት የጣልያን ጦር ድንበራችንን ሲጥስ የኢትዮጵያ አቤቱታ በዚሁ በነፋስ ስልክ ወደ ዓለም ተሰማ። ዛሬ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ተብሎ በሚጠራው ክፍለ ከተማ ውስጥ ከጎፋ እስከ ለቡ፥ ከመካኒሳ እስከ ጀሞ ብንዞር ሽቦ የሌለው ስልክ ያልገባበትን ቤት ለማግኘት ብዙ መድከም ያስፈልገናል፤ በብዙውም ቤት ከስልኮቹ አንዱ በልጅ እጅ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የመሣሪያውን ታሪክ ብቻ አይደለም። ቃልንና ሥዕልን ከሩቅ የሚያመጣ ነገር ሁሉ ወደ ከተማችን በገባ ጊዜ በመሣሪያውና በልጁ መካከል የቆመው ሰው ማን ነበር? ያ ሰውስ መቼ ከቦታው ተነሣ? ልጆቻችንን በኢንተርኔት ከሚደርስባቸው ጉዳት እንዴት እንጠብቃቸው እያሉ የሚጨነቁ ወላጆችና መምህራን ዛሬ ብዙዎች ናቸውና፥ ጭንቀቱ ከወዴት እንደ ጀመረ ማወቅ ይጠቅማል።

አፄ ምኒልክ ስልክ ባስገቡ ጊዜ በውስጡ የሚናገረው ሰይጣን ነው ብለው የተቃወሙ እንደ ነበሩ ሲተረክ ይኖራል። ሲኒማ በአዲስ አበባ ሲከፈትም ሕዝቡ ቤቱን የሰይጣን ቤት አለው። እኛ ተምረናል የምንል ሰዎች ይህን እያነሣን እንስቃለን፤ መሣቅ ግን ቀላል ነገር ነው። እኔ ስሙን ትቼ ቤቱን እመለከታለሁ። ቤቱ ደጅ ነበረው፤ በደጁም ቲኬት የሚቈርጥ ሰው ቆሟል፤ ይህም ሰው የመጣው ሕፃን ይሁን ጐልማሳ ቁመቱን በዓይኑ አይቶ ያውቃል። ሥዕሉ የሚታይበት ሰዓት የተወሰነ ነው፤ መብራቱ ጠፍቶ ከበራ በኋላ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ሾልኮ የገባ ብላቴና እንኳ ቢኖር ሲወጣ የአባቱ ወዳጅ በመንገድ ያገኘዋል፤ ወሬውም ከእርሱ ቀድሞ ከቤት ይደርሳል። በረኛው ሁልጊዜ ደግ ነበረ አልልም፤ ገንዘብ አይቶ ዓይኑን የሚጨፍን በረኛ በየትም አገር አይታጣም። ነገር ግን ፊት ነበረው፤ ሊወቀስም ሊከሰስም ይቻል ነበር።

ራዲዮና ቴሌቪዥን ደጁን ከመንገድ ወደ ቤት አስገቡት። ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራውን የጀመረው በጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ለብዙ ዘመን በጥቂት ቤት ብቻ የሚገኝ ዕቃ ስለ ነበረ የጎረቤት ልጆች ጫማቸውን ከደጅ አውልቀው በምንጣፍ ላይ ተሰብስበው ያዩ ነበር፤ ቦታ ያጡትም በመስኮት ይመለከቱ ነበር። የማይገባ ሥዕል በመጣ ጊዜ የቤቱ እመቤት ተነሥታ ትዘጋዋለች፥ ወይም ልጆቹን ውኃ አምጡ ብላ ወደ ጓዳ ትልካቸዋለች። ለልጆችም የራሳቸው ሰዓት ተለይቶላቸው ነበር፤ በዚያም ሰዓት ተስፋዬ ሣህሉ፥ ሕዝቡ አባባ ተስፋዬ ያላቸው ተዋናይ፥ ከ40 ዓመት በላይ ተረት ሲያወሩላቸው ኖረዋል። እኒህ ሰው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ጐልማሳው ሁሉ አባቱ የሞተበትን ያህል ያዘነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሩቅ ወደ ቤቱ የመጣው ድምፅ የታወቀ የሽማግሌ ፊት ስለ ነበረው ነው። የሚመጣበት ሰዓት ይታወቃል፤ የሚናገረውንም እናትና አያት አብረው ይሰማሉ።

ከዚህ በኋላ ቪዲዮ ቤት መጣ። በጨለማ ክፍል አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፥ ከትምህርት የቀሩ ብላቴኖች በጥቂት ሳንቲም ፊልም የሚያዩበት ቤት ነበር። ወላጆች ቪዲዮ ቤትን እጅግ ጠልተውት ነበር፤ በመጥላታቸውም ልክ የት እንዳለ ያውቁ ነበር። ልጅ የጠፋ እንደ ሆነ አባት ዱላውን ይዞ የሚሄደው በቀጥታ ወደዚያ ነው።

ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት መዋል የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያ የተጠቀሙበት መሥሪያ ቤቶች፥ ኤምባሲዎችና ነጋዴዎች ስለ ነበሩ የልጆች ነገር ለማንም አልታሰበውም። ጥቂት ቈይቶ ግን በየአስፋልቱ ዳር ኢንተርኔት ካፌ ተከፈተ፤ ኮምፒዩተሮቹ በጣውላ እየተከፈሉ ተደረደሩ፤ ተማሪው ከትምህርት ቤት ሲወጣ ወደዚያ መግባት ጀመረ። ቤቱን የያዘው ሰው ጥቅሙን የሚመለከት ነጋዴ ስለ ነበረ ልጁ የሚያየውን አይቶ ዝም የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። ሆኖም ሁለት ነገር ልጁን ይይዘው ነበር። አንደኛው ከጀርባው ሰው የሚያልፍ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ክፍያው በደቂቃ መሆኑ ነው፤ ለዳቦ ከተሰጠው ሳንቲም ቈጥሮ የሚከፍል ልጅ ብዙ አይቀመጥምና። ድህነታችን ራሱ በረኛ ሆኖልን ነበር ማለት ነው። ይህን ስል ድህነቱን እያመሰገንሁ አይደለም፤ ጥበቃ ብለን የቈጠርነው ነገር ከፊሉ የእኛ ትጋት እንዳልነበረ ለማሳየት ነው እንጂ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ 2008 ዓ.ም. ጥቂት ሊያቆመን የሚገባ ዓመት ነው። በግንቦት ወር የ12ኛ ክፍል የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና የእንግሊዝኛው ወረቀት ተሰርቆ በፌስቡክ ላይ ተነዛ፤ በዚህም ምክንያት ፈተናው ተሰረዘ። ያወጡት ሰዎች በኦሮሚያ በተነሣው ተቃውሞ ትምህርት የተቋረጠባቸው ተማሪዎች የሚዘጋጁበት ጊዜ አልተሰጣቸውም የሚል አሳብ ነበራቸው። በሐምሌ ወር ፈተናው እንደ ገና ሲሰጥ መንግሥት ፌስቡክንና እርሱን የመሰሉትን ሁሉ ለጥቂት ቀን ዘጋ፤ ምክንያቱንም ሲናገር ተማሪዎች አሳባቸው እንዳይባክን ነው አለ። ከዚያም በኋላ በ2009 እና በ2011 ዓ.ም. በፈተና ወራት ኢንተርኔትን መዝጋት ተደገመ። እንግዲህ ስለ ተማሪ ልጆች ተብሎ በአገር ደጅ ላይ ታላቅ መዝጊያ የተዘጋው ከክፉ ሰው ሊጠብቃቸው ሳይሆን የፈተና ወረቀት ሊጠብቅ ነው። ነጋዴው፥ ሐኪሙና ጋዜጠኛው ሁሉ በአንድነት ተዘጋባቸው፤ ፈተናው ባለቀ ማግሥት መዝጊያው ተከፈተ፤ ልጁም ከበፊቱ ምንም ያልተለወጠ ነገር አገኘ።

በዚያው ዓመት የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958 ወጣ። ከዚህ አስቀድሞ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ለአካለ መጠን ያልደረሱትን ከጸያፍ ጽሑፍና ሥዕል የሚጠብቅ ድንጋጌ አለው፤ ነገር ግን ስለ ኮምፒዩተር በተለይ የተናገረው ይህ አዋጅ ነው። በ12ኛው አንቀጽ፥ ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ በግልጽ የወሲብ ድርጊት ላይ የሚያሳይ ሥዕል በኮምፒዩተር ያዘጋጀ፥ ያስተላለፈ፥ የሸጠ ወይም ያለ ፈቃድ የያዘ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ያዛል። እንደዚሁም ልጅን ወደዚህ ሥራ ለመሳብ ቃል፥ ሥዕል ወይም መልእክት የላከ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያገኘዋል። አገልግሎት የሚሰጠውም ድርጅት ወንጀል መሠራቱን ባወቀ ጊዜ ሳይዘገይ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤትና ለፖሊስ እንዲያስታውቅ ተደንግጓል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ኢንተርኔት በ1989 ገብቶ ይህ ቃል የተጻፈው በ2008 ነው፤ በመካከሉ 19 ዓመት አለ። በኢንተርኔቱ መግቢያ የተወለደች ልጅ ሕጉ ሲወጣ አካለ መጠን አልፋ ነበር። ሕጉም ከወጣ በኋላ በከተማው የተከራከርንበት ስለ ሐሳብ መግለጽ ነጻነት በሚናገሩት አንቀጾቹ ላይ ነው፤ ክርክሩ የሚገባ ነበረ፤ ስለ ልጆች የሚናገረውን አንቀጽ ግን አንብቦ ለልጁ የነገረ ወላጅ ብዙ አይመስለኝም።

በመጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ስለ ኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በዚህ ጊዜ የሆነው ነገር በታሪካችን ምሳሌ የለውም። እስከዚያች ቀን ድረስ መምህሩ ስልክ ይዞ የተገኘን ተማሪ ስልኩን እየቀማ ወላጅህን አምጣ ይል ነበር። ከዚያች ቀን በኋላ ግን ብዙ ትምህርት ቤቶች ትምህርቱን በቴሌግራም ስለ ላኩ ያው መምህር ስልክ የሌለውን ተማሪ ስልክ ያዝ አለው። አባት አዲስ ስልክ ገዝቶ አሮጌውን ለልጁ ሰጠ፤ አሮጌውም ስልክ አባትየው የገባበትን ማኅበር ሁሉ፥ የሚያውቀውንና የማያውቀውን ሰው ሁሉ እንደ ያዘ ለልጁ ተላለፈ። ትምህርት ቤቶቹ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈቱ ልጆቹ ተመለሱ፤ ስልኩ ግን ወደ አባቱ አልተመለሰም።

ይህ ነገር በጀሞና በለቡ ጋራ መኖሪያ ቤቶች እንዴት እንደ ሆነ መናገር ያስፈልጋል። የጋራ መኖሪያ ቤት ቤት ላልነበረው ብዙ ሰው ቤት ሰጥቷል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ነገር ግን ከመሐል ከተማ ከነባሩ ሰፈር ተነሥተው የመጡት ቤተ ሰቦች አያትን፥ አክስትንና የድሮውን ጎረቤት ወደ ኋላ ትተው መጥተዋል። በነባሩ ግቢ ልጅ ሲያጠፋ የሚቈጣው ያየው ሰው ሁሉ ነበር። በአራተኛው ፎቅ ግን ባልና ሚስት ገና ሳይነጋ ወደ ሥራ ወርደው ማታ ይመለሳሉ፤ ልጁ በአንገቱ ቊልፍ አንጠልጥሎ ከትምህርት ቤት ይመጣል፤ በሩን ከውስጥ ይዘጋል። እናት ከሥራ ቦታ ስትደውል «የት ነህ?» ትለዋለች፤ «ቤት ነኝ እማዬ» ይላታል፤ እውነቱን ነው፤ ልቧም ያርፋል።

ሰው ሁሉ በዚህ ጊዜ የሚያስበው መዝጋትን ነው። ስለ መዝጋት ግን ከቅርብ ጊዜ የተማርነው አለ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ችግር በተነሣ ጊዜ ፌስቡክ፥ ቴሌግራም፥ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ፤ እስከ ሐምሌም ድረስ አምስት ወር ያህል ቈዩ። በእነዚህ ወራት የከተማው ሰው ሁሉ ቪፒኤን የሚባለውን አሳብሮ መሄጃ ዘዴ ተማረ። የዘዴው አሠራር እንዲህ ነው፤ ስልኩ ወደሚፈልገው ቦታ በቀጥታ መሄዱን ትቶ በሌላ አገር ወዳለ ኮምፒዩተር ይሄዳል፥ ያም ኮምፒዩተር የሚፈለገውን አምጥቶ ያቀብለዋል፤ በመንገድ የቆመው ዘበኛ የሚያየው ወደ ውጭ አገር የሚሄድ የተጠቀለለ ዕቃ ብቻ ነው። በነጻ የሚታደለውን ቪፒኤን የሚያስተዳድረው ማን እንደ ሆነ፥ የተላላከውንም ምን እንደሚያደርግበት ተጠቃሚው አያውቅም። ብዙ አባቶች ይህን ዘዴ ያስተማሯቸው የራሳቸው ልጆች ናቸው። ልጁ አንድ ጊዜ ከተማረ በኋላ ወላጁ በስልኩ ላይ የሚያኖረውን ማጣሪያ ሁሉ በዚያው መንገድ ለማለፍ ይሞክራል፤ ብዙ ጊዜም ይሳካለታል።

ሌላው በር የዕድሜ ጥያቄ ነው። በስልክ ከእነዚህ ማኅበሮች ወደ አንዱ ለመግባት የትውልድ ዘመን ይጠየቃል፤ በብዙዎቹም ዘንድ ከ13 ዓመት በታች የሆነ አይገባም። ይህ 13 የሚለው ቍጥር ከየት መጣ? ከአባቶች ሥርዐት አይደለም፥ ከሐኪሞችም ምክር አይደለም። በአሜሪካ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1998 የወጣ ሕግ፥ ነጋዴዎች ከ13 ዓመት በታች ካለ ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ የግል መረጃውን እንዳይሰበስቡ ከለከለ። ለኩባንያዎቹ ወላጅን ከማስፈቀድ ይልቅ ሕፃን አይግባ ብሎ መጻፍ ቀለላቸው፤ ቍጥሩም በዚህ መንገድ ዞሮ ጀሞ ደረሰ። ልጁ ዋሽቶ ሊገባ እንደሚችል ሁሉ ያውቃል። የእኛ አገር ልጅ ግን ሳይዋሽም ይገባል። በ2008 ዓ.ም. የተወለደ ብላቴና በክርስትና ካርዱ እንደ ተጻፈው 2008 ብሎ ቢሞላ መሣሪያው እንደ ፈረንጅ ዘመን ስለሚያነበው በ7 ወይም በ8 ዓመት ያስረጀዋል፤ 10 ዓመት የሞላው ሕፃን በመሣሪያው መዝገብ 17 ወይም 18 ሆኖ ይቈጠራል፤ ለሕፃናት ከተደረገውም ጥበቃ ብዙው ከላዩ ይነሣለታል። የሲኒማው በረኛ ቢሆን ቁመቱን አይቶ በሣቀበት ነበር።

የሩቁ በረኛ ዘመናችንን አለማወቁ ብቻ አይደለም፤ ቋንቋችንንም በቅጡ አያውቅም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ከፌስቡክ ኩባንያ ወጥተው በዓለም ጋዜጦች የተነገሩት የውስጥ ጽሑፎች፥ ኩባንያው በአማርኛና በኦሮምኛ የሚጻፈውን ክፉ ቃል የሚለይ መሣሪያ ሳይኖረው ብዙ ጊዜ መቈየቱን ገልጠዋል። በእንግሊዝኛ ቢጻፍ ሊያዝ የሚችል የማባበያ ቃል በአማርኛ ሲጻፍ፥ ይልቁንም በላቲን ፊደል ሲጻፍ፥ ማን ያነበዋል?

ጉዳቱ የሚመጣበት መንገድ እንደሚከተለው ነው። አንድ ሰው የእኩያ ስምና ሥዕል ይዞ ለልጅቱ ሰላምታ ይልካል። ለጥቂት ሳምንት የሚያወራት ስለ ትምህርትና ስለ ዘፈን ነው፤ ያመሰግናታል፤ እናትሽ አትረዳሽም፥ እኔ ግን እረዳሻለሁ ይላታል። ከዚያም ፎቶግራፍሽን ላኪልኝ ይላል፤ በመጀመሪያ ከነልብሷ፥ ኋላም ያለ ልብስ። አንድ ከላከች በኋላ ቃሉ ይለወጣል፤ ሌላ ካልላክሽ፥ ወይም ገንዘብ ካላመጣሽ፥ ይህን ለአባትሽና ለትምህርት ቤትሽ እልከዋለሁ ይላታል። ወንዶች ልጆችም በዚሁ ወጥመድ ይያዛሉ፤ ከእነርሱ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ገንዘብ ነው። አንባቢ እዚህ ላይ የወጥመዱ ገመድ ምን እንደ ሆነ ይመልከት። ፎቶግራፉ አይደለም፤ የልጅቱ ፍርሃት ነው። ሕጉ ወንጀለኛ የሚለው ሥዕሉን ያስላካትን ሰው ሆኖ ሳለ እርሷ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ብላ ታምናለች፤ ስልኩ እንዳይነጠቃት፥ ከትምህርት ቤት እንዳትቀር፥ ከዚያም በላይ የአባቷ ፊት እንዳይጠቍር ትሰጋለች። ነውር ነው የምንለው ቃል ከዚህ ሰው እጅ ገብቶ ዱላ ሆኖታል።

በዱሮው ቤት ልጅ ለእናት የማይነገረውን ነገር የምትነግረው ሌላ ሰው አይታጣም ነበር። አያት ነበረች፤ አክስት ነበረች፤ የክርስትና እናት ነበረች፤ የቤቱ የንስሐ አባትም በየበዓሉ ሲመጡ የልጆቹን ፊት ያዩ ነበር። እነዚህ ሰዎች ስለ ኮምፒዩተር ምንም ባያውቁ እንኳ ልጅ ምግብ ስትተው፥ ሌሊት ስትባንን፥ ስልክ በጠራ ቍጥር ስትደነግጥ አይተው «ምን ሆንሽ ልጄ?» ይሏት ነበር። ስለ በረኛ ያወራሁትን ሁሉ የማነጻጽረው ከዚህ ጋር ነው። በደጅ የቆመው ጠባቂ በ100 ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ሄደ፤ በቤት ውስጥ የነበረውን ጠባቂ ግን ያጣነው በእኛ ዕድሜ ነው፤ መሣሪያውም አልወሰደውም።

እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2022 ዩኒሴፍ፥ ኢንተርፖልና ኤክፓት የተባለው ማኅበር ልጆች በኢንተርኔት ስለሚደርስባቸው የወሲብ ብዝበዛ በኢትዮጵያ ያደረጉትን ጥናት አሳትመዋል። ከ12 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በዚያ ጥናት ተጠይቀዋል። ጉዳት ያደረሰው ሰው ብዙ ጊዜ ልጁ አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው ሆኖ ተገኘ፤ እኛ የምንፈራው የሩቅ አገር እንግዳ ብቻ አልነበረም። ለፖሊስ የተናገረ ልጅ ከቍጥር የሚገባ አይደለም። ለማንም ያልተናገሩ ብዙዎች ናቸው፤ የተናገሩትም አብዛኛውን ጊዜ የነገሩት ለጓደኛቸው ነው። ጓደኛይቱም የምትሰጣት ምክር የ13 ዓመት ልጅ ምክር ነው፤ «አጥፊውና ዝም በይ» ትላታለች።